ጦርነት ባለበት ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር፦ መንገዱ፣ ኬላው፣ መመለሻው

የሸዋ በር ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዞው ከአዲስ አበባ ሐረር ደርሶ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ አረጋዊት እናት ይዞ መመለስ ነው። ሁለት ሰው ነን። ባለ ሁለት ጋቢና ናፍጣ ፒክአፕ አለ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ይባላል፣ ነገ ደግሞ ዝግ ነው ይባላል። «በፍጹም እንዳትሞክሩት» እና «እግዜር ያውቃል፣ ውጡ» የሚለው ምክር በዝቶብኛል። እባካችሁ የምታውቁ ሰዎች ዝርዝሩን ንገሩኝ። በስንት ሰዓት የት መድረስ አለብን? ምን እንያዝ? ምን ስናይ እንመለስ?

የአዋሽ መስመር · ከምሽቱ 2፡15
እህቴ፣ መጀመሪያ የአውሮፕላኑን ነገር አጣሪ። የድሬዳዋ በረራ እስካልተቋረጠ ድረስ በመኪና መሄድ የለብሽም። አንድ ሰዓት ያህል በርረሽ ትወርጃለሽ፤ የሚቀርሽ ከድሬ ሐረር ያለው 55 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በረራው ከተቋረጠ ወይም ቦታ ከጠፋ ነው።

መንገዱ በጠቅላላው 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ መንገድ አድርገሽ አትይው፣ ሦስት ነው። እስከ አዋሽ ሰባት 225 ገደማ፣ አብዛኛው ሜዳ። ከአዋሽ በሚኤሶ ጭሮ 100 ገደማ፤ ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ከጭሮ በሂርና፣ በጨለንቆ፣ በቁልቢ አድርጎ ደንገጎ፣ ከዚያም በሐሮማያና በአወዳይ ሐረር፤ ይህ 200 ገደማ ሲሆን ጠመዝማዛ ደጋ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጭሮ ሲደርስ «ከግማሽ በላይ አልፌአለሁ» ይላል። በኪሎ ሜትር እውነቱን ነው። በሰዓት ግን ገና አራት ወይም አምስት ሰዓት ይቀረዋል።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ልክ 12 ሰዓት ላይ ንጋቱን ይዛችሁ ውጡ። ጭሮ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ድረስ ካልገባችሁ እዚያው እደሩ። «ትንሽ ነው የቀረው» ብሎ መቀጠል የለም። ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ እዚያ 13 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች፤ በኅዳርና በአብዛኛው ታኅሣሥ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። በአዲስ አበባ ምሽት ያሰላ ሰው ደንገጎ ላይ ይመሽበታል።

ማታ ለምን አይሆንም? ኬላ ያለው ወታደር አንቺን አያይሽም፣ አንቺም እሱን አታይውም። መንገድ ላይ የተደረደረ ድንጋይ የሚታይሽ 30 ሜትር ሲቀር ነው። ከአወዳይ የሚነሱት የጫት አይሱዙዎች ደግሞ ጫቱ ሳይጠወልግ ለመድረስ መታጠፊያውን መሀል ለመሀል ይቆርጡታል። የሰዓት እላፊ ታውጆ ከሆነ ያለሽበት ቦታ ራሱ ጥፋት ይሆናል።

መንገድ ስትጠይቂ «ሰላም ነው?» አትበይ። የሰላምታ መልስ ነው የምታገኚው፣ ሁሉም «ሰላም ነው» ይልሻል። ከፊት የመጣውን ሾፌር «ሂርናን በስንት ሰዓት አለፍክ? ስንት ቦታ አስቆሙህ? ከኋላህ መኪና ነበር?» በይው። በዓይኑ ያየውን ብቻ ውሰጂ፣ «ሲባል ሰማሁ» ያለውን ተዪው። ሌላው ምልክት ከፊት የሚመጣ መኪና መጥፋቱ ነው። ይህ መስመር ጭነት መኪና ተለይቶት አያውቅም። 15 ደቂቃ ስትነጂ አንድም ከፊት ካልመጣ ከፊትሽ የሆነ ነገር ተዘግቷል ማለት ነው። ከተማ ደርሰሽ ቁሚ እንጂ አቋርጠሽ አትለፊ። ሱቆች በቀትር ተዘግተው፣ ልጆች ከመንገድ ዳር ጠፍተው ካየሽ ደግሞ ሳትጠይቂም ተመለሺ።

የሸዋ በር ልጅ · ከምሽቱ 2፡40
እግዜር ይስጥልኝ። ነዳጁስ? ትርፍ በጀሪካን እንያዝ የሚሉ አሉ።

የአዋሽ መስመር · ከምሽቱ 3፡05
ፒክአፑ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ይጠጣል ብለሽ አስቢ፣ ዳገቱ ስላለ። ከአዋሽ ሐረር 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ 36 ሊትር። መመለሻው ሌላ 36። ድምሩ 72። የነዳጅ ጋኑ 80 ሊትር ከያዘ አዋሽ ላይ እስከ አፍ ገደፉ ሞልታችሁ ሐረር ምንም ሳትቀዱ አዋሽ ትመለሳላችሁ። ስሌቱ መሠራት ያለበት እንዲህ ነው፣ ለመድረስ ሳይሆን ለመመለስ። ግጭት ሲኖር መጀመሪያ የሚደርቀው ማደያ ነውና «እዚያ እቀዳለሁ» አይባልም።

ጀሪካኑ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ በዚህ ሰሞን ጀሪካን ነዳጅ የጫነ መኪና ኬላ ላይ በኮንትሮባንድ ወይም ለታጣቂ በማቀበል ይጠረጠራል፤ ማደያም ብዙ ጊዜ በጀሪካን አይቀዳም። ሁለተኛ፣ ቢጫው የዘይት ጀሪካን በአዋሽ ሙቀት ያብጣል፣ ክዳኑም ያነባል። የግድ ከሆነ አንድ ባለ 20 ሊትር የብረቱን፣ 18 ሊትር ብቻ አድርገሽ (ሲሞቅ የሚነፋበት ቦታ ይፈልጋል)፣ ጋቢና ውስጥ ሳይሆን ከኋላ ታስሮ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ስኮርታ ያዙ፣ አንድ አይበቃም። ክሪክ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ስንዝር ከግማሽ የሆነ ወፍራም ጣውላ (የመንገዱ ዳር አፈር ክሪኩን ይውጠዋል)፣ ትርፍ ቺንጋ፣ ፊውዝ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ 10 ሊትር የራዲያተር ውሃ። ከመውጣታችሁ በፊት የፍሬን ሸራውን አሳዩ። ድሬ የምትገቡ ከሆነ ከደንገጎ ቁልቁል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ዚግዛግ ነው፤ ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደንገጎ ከ2,000 በላይ። ፍሬን ረግጦ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ ፔዳሉ ባዶ ይሆንበታል። የወጣችሁበትን ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ። ፈርቶ የሚነዳ ሰው ይቸኩላል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ችኩል አይወድም።

ሐዲድ · ከምሽቱ 3፡30
ባቡሩን ለምን ረሳችሁት? የጅቡቲው መስመር 752 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ የጀመረው። መኪናው ከሚኤሶ በኋላ ወደ ጭሮ ደጋ ሲወጣ ባቡሩ ቆላውን ይዞ በአፍደም፣ በኤረር፣ በሁርሶ አድርጎ ድሬዳዋ ይገባል። ስለዚህ የደጋው መንገድ ተዘግቶ ባቡሩ የሚሄድበት ቀን አለ። ተቃራኒውም ይሆናል።

ሦስት ነገር ግን እወቂ። የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፣ ኃይል ሲቋረጥ ያለበት ይቆማል፤ ያለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ መንደር የሌለበት ቆላ ነው። በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር ውሃና የአንድ ቀን ስንቅ ያዙ። ሲቆም ወርዶ በእግር መሄድ የለም፣ ባቡሩን የሚፈልጉት ባቡሩ ያለበት ነው። ሁለተኛ፣ አዲሱ የድሬ ጣቢያ ከዚራ ያለው አሮጌው አይደለም፣ ከከተማው ውጭ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርፍዶ ከገባና የሰዓት እላፊ ካለ ባጃጅ አታገኙም፤ የሚቀበላችሁን ሰው ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሦስተኛ፣ ሐዲዱ ሐረር አይደርስም። ድሬ አድራችሁ ጠዋት ወደ ሐረር ውጡ።

ጥላ ከዚራ · ከምሽቱ 3፡50
የኬላውን ነገር ልጨምር፣ አቦ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። ኬላው 100 ሜትር ሲቀረው ፍጥነት 20፣ ራዲዮ ዝግ፣ የአራቱም በር መስታወት ወደ ታች። ከመሸ ረጅሙን መብራት አጥፉ፣ የጋቢናውን መብራት አብሩ። እጅ መሪው ላይ። ወረቀቱ ቀድሞ ዳሽቦርዱ ላይ ይቀመጥ እንጂ ወታደሩ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ከመቀመጫ ሥር ጎንበስ አይባልም። ስልክ ጆሮ ላይ ወይም እጅ ላይ አይሁን፣ የመኪና ካሜራ ካለ ነቅላችሁ ውጡ። ቡራቡሬ ልብስ፣ ወታደራዊ ጫማ፣ ባዶ የጥይት ቀለህ (ልጆች ለመጫወቻ የሚለቅሙት) መኪናው ውስጥ እንዳይገኝ ፈትሹ።

ወረቀት፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ውክልና፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ በወረቀት የታተመ። ስልክ ላይ ያለ መታወቂያ ባትሪ ሲያልቅ የለም። አዋሽ ላይ የጉምሩክ ፍተሻም አለ፤ አዲስ ልብስ በፌስታል በፌስታል ከያዛችሁ አስወርደው ይቆጥሩታል፣ ሰዓታችሁ እዚያ ያልቃል። ስጦታ ለሌላ ጊዜ ይሁን።

ገንዘብ በጥሬው፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ አብዛኛው ባለ 50 እና ባለ 100። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌብር በ*127# ይሠራል፣ ኔትወርኩ ራሱ ሲጠፋ ግን እሱም የለም። የምትነሱበትን ቀንና ሰዓት ለብዙ ሰው በስልክ አትናገሩ። ለአንድ ሰው ብቻ፣ በየትኛው ሰዓት ከየት እንደምትደውሉ ነግራችሁ።

ተኩስ ከገጠማችሁ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሳትቆሙ እለፉ። ከተዘጋ በመጡበት ወደ ኋላ። መኪናው ከቆመ ተኩሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው በር ወጥታችሁ ቦይ ውስጥ ተኙ። የቆሰለ ካለ በጨርቅ አጥብቆ ማሰር፣ በየ15 ደቂቃው ፈታ ማድረግ።

ጡረተኛ መሐንዲስ · ከምሽቱ 4፡20
ልጆቼ፣ ቦይ ውስጥ ተኙ የምትሉት ያሳስበኛል። ፈንጂ በብዛት የሚቀበረው አስፋልቱ ላይ አይደለም፣ ከአስፋልቱ መውጫ ላይ ነው። በአዲስ አፈር የተደፈነ ጉድጓድ፣ ድልድይ ሲፈርስ የሚሠራ ተቀያሪ መንገድ፣ የድልድይ አፋፍ፣ መኪና ለመዞር የሚወጣበት የመንገድ ዳር፣ ሰው ለሽንት የሚወርድበት ጥላ። ውጊያ ባለፈበት ቦታ ሽንት እንኳ አስፋልቱ ላይ ከመኪናው ጀርባ ነው።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። የተሽከርካሪ ፈንጂ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ኪሎ በላይ ክብደት ካላረፈበት አይነሳም፤ ስለዚህ «እረኛው ከነከብቱ አለፈበት» ለመኪና ዋስትና አይሆንም። የሰው ፈንጂ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ይበቃዋል፤ የሕፃን እግር ነው። መኪና ያለፈበት መንገድ ጎማው የረገጠው ሁለት መስመር ብቻ ነው የተፈተነው። ከጎማው መስመር አንድ ክንድ ወጣ ያለው አልተፈተነም። ያልተነጠፈ መንገድ ላይ ከገባችሁ ዛሬ ያለፈ ጎማ ዱካ ላይ ነው የሚነዳው። ሣር የበቀለበት፣ ሰው ሳይኖርበት የከረመ መንገድ ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። የመንደሩ ሰው ቀይ የተቀባ ድንጋይ፣ የተነባበረ ጭራሮ፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ አድርጎ ያስጠነቅቃል። ጎርፍ የቀበረውን ያወጣዋል፣ ወደ ሌላ ቦታም ይወስደዋል፤ ከዝናብ በኋላ ትላንት ደህና የነበረ የሸለቆ ማቋረጫ እንደ አዲስ ነው።

ገብታችሁ ከሆነና ከተጠራጠራችሁ መኪናውን አቁሙ፣ መሪ አታዙሩ። በጎን በር አትውረዱ። በኋላ በኩል ወጥታችሁ የራሳችሁን ጎማ ዱካ እየረገጣችሁ፣ አንዳችሁ ከሌላው 20 ሜትር ርቃችሁ፣ የመጣችሁበትን ተመለሱ። መኪናው ይቅር። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ አይነካም፣ ለቁራሌውም አይነሳም፤ ቦታውን ለቅርብ ፖሊስ ወይም ቀበሌ ንገሩ።

ጥላ ከዚራ · ከምሽቱ 4፡35
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ አርሜአለሁ። ታዲያ ተኩስ ሲመጣ የት ይሆን?

ጡረተኛ መሐንዲስ · ከምሽቱ 4፡50
አስፋልቱ ላይ፣ ከጎማው ጀርባ፣ በሆድ ተኝቶ። የመኪና በር ጥይት አይመልስም፣ ወንበርም አይመልስም። የሚመልሰው ሞተሩና የጎማው ብረት ነው። ስለዚህ ከፊት ጎማ ጀርባ፣ ሞተሩን በመሀል አድርጎ። የሲሚንቶ ቦይ አጠገባችሁ ካለና የሚተኮሰው በእናንተ ላይ ከሆነ ቦዩ ይሻላል፤ የሩቅ ተኩስ ከሆነ ግን አፈር ላይ አትውረዱ።

በአጀብ ከሄዳችሁ ከነዳጅ ቦቴና ከወታደር መኪና ተለዩ። ከፊት ካለው መኪና 50 ሜትር ራቁ፣ ሲቆም ደግሞ የኋላ ጎማው አስፋልቱን ሲነካ እስኪታያችሁ ድረስ ብቻ ተጠጉ፤ ከዚያ ያለፈ መዞሪያ ያሳጣችኋል።

ሲስተር · ከምሽቱ 5፡10
«በየ15 ደቂቃው ፈታ» የሚለውን እባካችሁ አጥፉት። ሲፈታ የቆመው ደም እንደገና ይፈሳል፣ ቁስለኛው በተፈታ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያልቃል። ከእግር ወይም ከእጅ እየተረጨ የሚፈስ ደም በእጅ ጫና ካልቆመ ከቁስሉ 5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር በላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሦስት ጣት ስፋት ባለው ጨርቅ እሰሩ። ጫማ ማሰሪያና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣል። ቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙት። ያማል፣ ይጮኻል፣ አትፍቱለት። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። የሚፈታው ሐኪም ነው። አምቡላንስ ኔትወርክ ካለ 907።

አሁን ስለ እናት። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል፣ አዋሽና ድሬ ግን ከ30 በላይ ናቸው። በረዶ ላይ አታስቀምጡት፣ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። ብልቃጡን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ፣ ማሰሮውን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፤ ጨርቁ ሲደርቅ አርጥቡት። ዳሽቦርድ ላይ በፍጹም። በአውሮፕላን ከሆነ በእጅ ሻንጣ እንጂ ጭነት ክፍል አይገባም።

ከፈንጂም ከጥይትም በላይ ለእሳቸው የምፈራው ይህን ነው፦ ጠዋት ኢንሱሊን ወግተው፣ ቁርስ «መንገድ ላይ» ተብሎ፣ ኬላ ላይ አራት ሰዓት መቆም። ስኳራቸው ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ የተጋባ ንግግር ካያችሁ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙት፣ ከዚያ ዳቦ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥም፣ በጎን አስተኙ። ቁርስ ሳይበላ መርፌ የለም። መድኃኒቱ ለታሰበው ቀን እጥፍ ይሁን።

ውሃ በቀን በሰው 4 ሊትር። ተቅማጥ ከመጣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ለጥ ያለ። ድሬ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ፣ ወባም ደንጊም አለ። ትኩሳት ከያዛችሁ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ ደንጊ ከሆነ ያደማል።

የታሪክ ገበታ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00
ደንገጎን ብዙ ጊዜ ጠቅሳችኋል፣ ለምን ቁልፍ እንደሆነ ላክል። የድሬና የሐረር መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው፣ እሱ ሲዘጋ የደጋው መንገድ ለሁለቱም ይቋረጣል። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ በ1969 ማብቂያ ላይ፣ የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው ሐዲዱ ተቋረጠ፣ በነሐሴ ድሬዳዋ ራሷ ተጠቃች፣ በመስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፤ ጅጅጋ እስከተመለሰችበት የካቲት 26 ቀን 1970 ድረስ ሐረር ከምሥራቅ በኩል መውጫ አልነበራትም። ከዚያም በፊት ምኒልክና አሚር አብዱላሂ በ1879 የተዋጉት ጨለንቆ ላይ ነው፣ በዚሁ የደጋ መንገድ። ስለዚህ ከሐረር በባቢሌ ጅጅጋ ወጥቶ በሌላ መዞር የሚል ሐሳብ የሚያቀርብላችሁ ካለ አትስሙት፣ 100 ኪሎ ሜትር የባሰ መንገድ ነው የምትጨምሩት።

የጀጎል ሰው · ከጠዋቱ 3፡25
እታለም፣ ከገባችሁ በኋላ ስላለው ማንም አልነገረሽም። የሐረር ውሃ ከድሬ አቅራቢያ ካለው ቆላ ከጉድጓድ ወጥቶ በፓምፕ ዳገት የሚወጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ በጥቂት ቀን ቧንቧው ይደርቃል። የገባችሁ ዕለት ያገኛችሁትን ዕቃ ሁሉ ሙሉ፣ መጸዳጃውን ግን በታጠባችሁበት ውሃ አጽዱ።

ቤቱ ጀጎል ውስጥ ከሆነ መኪና የሚገባው በሐረር በር በአንደኛ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጎዳናው ለሁለት ሰው ትከሻ ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ እናትን እስከ መኪናው የሚሸከም ጠንካራ ሰው ወይም ወንበር ቀድሞ ይዘጋጅ። የታመመ ሰው በሌሊት ማውጣት ከባድ ነው፣ የሰዓት እላፊው ሳይገባ ዋዜማውን ከግንቡ ውጭ ባለ ቤት ብታሳድሯቸው ይሻላል። መኪናውን አፍንጫው ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙት።

የሸዋ በር ልጅ · ከጠዋቱ 4፡10
ሁላችሁንም ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ማሰሮውን ዛሬ እገዛለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ የእሳቸው መታወቂያ ጊዜው አልፏል።

ጥላ ከዚራ · ከጠዋቱ 4፡30
ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ከቀበሌያቸው ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ ከሚታከሙበት ሆስፒታል ደግሞ ሕመማቸውንና መርፌ መያዛቸውን የሚገልጽ ወረቀት አውጡላቸው። መርፌና ብልቃጥ ያለ ወረቀት ኬላ ላይ ያስጠይቃል። ሁለቱንም ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን በእሳቸው ነጠላ ጫፍ ቋጥሩላቸው፤ ግርግር መጥቶ ብትለያዩ የቀይ መስቀል ሰዎች ቤተሰብ የሚያፈላልጉት ስምና ስልክ ሲያገኙ ነው። የአዲስ አበባውንም የሐረሩንም ስልክ በጀርባው ጻፉበት።

ሲስተር · ከጠዋቱ 4፡41
በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ ወረቀቱም በላስቲክ ተጠቅልሎ። ላብ ያጠፋዋል።